የስለት ምንጣፍ

ከዌምብሊ የተነሣሁት ቅዳሜ ማለዳ ነው። ጾመ ነቢያት ተጋምሶ የገና በዓል እየተቃረበ ነበር። ሰው ለንደንን ለማየት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ እኔ ግን እዚያው ለንደን ውስጥ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የተጓዝኩት የበሰበሰ እንጨት በካቻቢቴ ልወጋ ነው። ጉዞ ግን ያው ጉዞ ነውና እንዳየሁት እጽፈዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ መርከብ መምጣት ያቆመበት ወደብ ዳር፣ እንግሊዞቹ የተዉት አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። ባለቤቶቹ እኛ ኦርቶዶክሶች እሑድ እሑድ እንድንቀድስበት ከፈቀዱልን ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ባለፈው እሑድ በቅዳሴ መካከል በሴቶች በኩል ያለው ወለል ሰመጠና የአንዲት ነፍሰ ጡር ልጅ እግር እስከ ጉልበቷ ገባ። እግዜር ጠብቋት ከመላላጥ በቀር ምንም አልሆነችም። ወሬው ግን ከባለቤቶቹ ጆሮ ደረሰ፤ «ሰኞ ሰርቬየር እንልካለን» አሉ፤ የሕንፃ መርማሪ ማለታቸው ነው። ይህን የነገሩኝ በስልክ አባ ገብረ መድኅን ናቸው። አባ የደብሩ አስተዳዳሪም፣ ቀዳሽም፣ ዘበኛም እሳቸው ናቸው፤ የሚያድሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን በተለጠፈች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው።

«ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት አንተ እየው» አሉኝ። «ይዘጋ ካለ የምንሄድበት የለንም። ስትመጣ ደግሞ ለተብርሃንን ይዘሃት ና። ምንጣፉ የእሷ ስለት ነው፤ ያለ ፈቃዷ አንነካውም።»

የሙያው ሰው ስለሆንኩ ነው የተጠራሁት። ነበርኩ ቢባል ይሻላል። አዲስ አበባ የአሮጌ ሕንፃ ጥገና ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ለአጭር ኮርስ ተልኬ መጥቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ አንድ በአንድ መታሰራቸውን ስሰማ እዚሁ ቀረሁ። አሁን እንጀራዬ ከስታዲየሙ ጀርባ ባለ መጋዘን ካርቶን መደርደር ነው። ያም ሆኖ አበሻው ሁሉ «ኢንጂነሩ» ይለኛል፤ አንዳንዱ በአክብሮት፣ አንዳንዱ በሽሙጥ። ለመለየት መሞከሩን ትቼዋለሁ።

ሰማዩ ዝቅ ብሎ ነበር። ዝናብ አይሉት ጉም የሆነ ነገር ኮት ላይ እያረፈ ያረጥባል። ቦርሳዬ ውስጥ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሜትርና ማርማላታ የተቀባ ዳቦ ይዣለሁ። ከዌምብሊ ፓርክ ተሳፍሬ ኪንግስ ክሮስ ወረድኩና ወደ ሰሜን የሚሄደውን ባቡር ያዝኩ። ካምደን ላይ ፀጉራቸውን አረንጓዴና ቀይ ቀብተው እንደ ዶሮ ኩክኒ ያቆሙ ወጣቶች ለገበያ ወረዱ። ከመካከላቸው አንዷ ቦርሳዬን ነክታ ስታልፍ ይቅርታ ጠየቀችኝ። የዚህ አገር ሰው መልኩና ጠባዩ እንደማይገናኝ ከለመድኩ ቆይቻለሁ።

ኬንቲሽ ታውን

ወይዘሮ ለተብርሃን የሚኖሩት ከጣቢያው ብዙም በማይርቅ የካውንስል፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤት፣ ፎቅ ነው። ደወሉን ሳልነካው ከታች በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከጥቁሩ ኮት ሥር ነጠላቸው ብቅ ብሏል፤ በእጃቸው የላስቲክ ከረጢት ይዘዋል።

«አረፈድክ፣ ኢንጂነር» አሉኝ። «እኔ የሌሊት ሺፍቴን ጨርሼ፣ ታጥቤ፣ ጸልዬ ነው የቆምኩት።»

«ባቡሩ ዘገየብኝ፣ እትዬ።»

«ባቡር ሁልጊዜ ይዘገያል። ሰው ነው ቀድሞ መነሣት ያለበት።»

የአሥመራ ሰው ናቸው። አማርኛውን በትምህርት ቤት ተምረው፣ አዲስ አበባ በትዳር ኖረውበት፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ጋር ለቤት ሥራ ወደዚህ የመጡ ናቸው። አሁን ሌሊት ሌሊት የከተማውን ቢሮዎች ያጸዳሉ። በዚያ በደርግ ዘመን የአሥመራና የአዲስ አበባ ሰው ለንደን ውስጥ አንድ መንገድ ላይ ሲተያይ የሚሻገር ብዙ ነበር፤ ማን የማን ወሬ አቀባይ እንደሆነ አይታወቅማ። ወይዘሮ ለተብርሃን ግን ማንንም አይሸሹም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያልሳሟቸው ሕፃን፣ ያልተቆጡት ጎረምሳ የለም።

በአሥራ አምስት ቁጥር

ባንክ ጣቢያ ድረስ በባቡር ሄደን ከዚያ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፈርን። ቅዳሜ ስለሆነ የባንኮቹ ሰፈር ጭር ብሏል። ቲኬት ቆራጩ የካሪቢያን ሰው ነው፤ ወይዘሮ ለተብርሃንን «ማማ» ብሎ ክንዳቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። ከአልድጌት በኋላ መንገዱ እየከፋ ሄደ። መስኮታቸው በሳንቃ የተደፈነ መጋዘኖች፣ የተዘጉ ሱቆች፣ ግድግዳ ላይ በቀለም የተጻፈ ስድብ። አንዳንዱ ስድብ ለእኛው ነበር።

እኔ ሥራዬን ልጀምር ብዬ ስለ ምንጣፉ ጠየቅኳቸው፤ መቼ እንደተነጠፈ፣ ከሥሩ ምን እንዳለ።

«ሥሩን አላየሁም» አሉ። «ሁለት ሥራ ሠርቼ ነው የገዛሁት፤ ቀኑንም ሌሊቱንም። ቀይ፣ ወፍራም፣ እግር የሚያሰጥም። ሴቶቹ በባዶ እግራቸው ሲቆሙ ብርዱ እስከ ወገባቸው ይወጣ ነበር። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አስነጠፍኩት። ለዮናስ ነው።»

ዮናስ ልጃቸው እንደሆነ አውቃለሁ። የቀረውን ግን ከአፋቸው ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

«ስድስት ኪሎ ሁለተኛ ዓመት ነበር። የቀበሌ ልጆች በጠዋት መጥተው ወሰዱት። ስንቅ ይዤ እመላለስ ነበር፤ ሳህኑ ባዶውን ይመለስልኛል፤ በልቷል ማለት ነው ብዬ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ጠባቂ ሳህኑን ከነምግቡ መለሰልኝና ‹ማዘር፣ ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ› አለኝ። ሌላ ቦታ አዛውረውታል። የት እንደሆነ ግን ሊነግሩኝ አልፈለጉም።»

መስኮቱን አየሁ። በዚያ ዘመን ያን ቃል ከእስር ቤት በር ላይ የሰማ ሰው ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል። ቤተሰብ ሰምቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በሩን ዘግቶ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ አፉን በነጠላ ይዞ ያለቅሳል፤ ድንኳን መትከል ክልክል ነበርና። የደብሩ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ለእሳቸው ግን ደፍሮ የተናገረ የለም።

«ስለት ሰው ልጁን ሲያገኝ ነው የሚያገባው» ብለው ቀጠሉ፤ ፊታቸው ፈካ አለ። «እኔ ግን አስቀድሜ አገባሁ። ቅዱስ ሚካኤልን ዕዳ ውስጥ ከተትኩት። አሁን አይለቀኝም፤ እኔም አልለቀውም። ቁመቱ ያንተን ያህላል፤ ከአንተ ግን ቀላ ይላል።»

«ያገናኛችሁ» አልኩ። ይህን ቃል ስንት ሰው ብሏቸው እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ወደቡ ዳር

ከአውቶቡስ ስንወርድ ነፋሱ ከወንዙ በኩል ፊታችንን መታን። መርከብ የለ፣ ጫኝ የለ፤ የቆሙት የዕቃ ማንሻ ብረቶች ብቻ ናቸው፤ ዝገታቸው ከሥራቸው ያለውን ኩሬ ቀይ አድርጎታል። እጃችን እስኪሞቅ ብለን ጥግ ላይ ካለች ትንሽ ካፌ ገባን። ሻይ ሃያ ፔንስ ነው። ወተት አትጨምርበት፣ ዳቦውንም ቅቤ አትቀባው ስለው ባለቤቱ፣ ወፍራም ሽማግሌ እንግሊዝ፣ የታመምን መስሎት በሐዘኔታ አየን። ጾም ነው አልኩት። እንዲህ ያለ ጾም ወታደር ቤት ብቻ እንደሚያውቅ ነገረኝና ሻዩን እስከ አፉ ሞላልን።

ወዴት እንደምንሄድ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና እንደተነሣ፣ እናቱም የተቀበረችው ከዚያ ወጥታ እንደሆነ አጫወተን። «አሁን እዚህ ሁሉም ነገር እየተሸጠ ነው» አለ። «መጋዘኖቹን ለሀብታም መኖሪያ ሊያደርጓቸው ነው። ቤተ ክርስቲያኑንም ለመሸጥ አንድ ሰበብ ብቻ ነው የሚጠብቁት ይባላል።»

ለወይዘሮ ለተብርሃን አልተረጎምኩላቸውም፤ እንግሊዝኛው ግን ከእኔ ይልቅ ይገባቸዋል። ዳቧቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ሕንፃው ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል። ጡቡ በጢስ ጠቁሯል። መስኮቶቹ ረጃጅም፣ ቅስታቸው ሹል ነው። የደወሉን ግንብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምብ ጫፉን ቆርጦት ደነዝ ሆኖ ቀርቷል። ያሠራው ባሕር ማዶ በቅኝ ግዛት ደሴቶች ላይ የስኳር እርሻ የነበረው ባለ መርከብ ነጋዴ ነው፤ ከበሩ በላይ ባለው ድንጋይ ላይ የሸንኮራ አገዳ አስቀርጿል። ሥራው ግሩም ነው። ቀራጩ አገዳ በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ ግን ያስታውቃል፤ የሠራው በቆሎ ነው።

ውስጡ ሌላ ነው። ጣራውን የሠሩት የመርከብ አናጢዎች ስለሆኑ ቀና ብለው ሲያዩት የተገለበጠ መርከብ ሆድ ይመስላል። እንጨቱ ከበርማ የመጣ ቲክ ነው፤ መቶ ዓመት አልፎት አንዲት ስንጥቅ አላወጣም። ለወለሉ ግን ርካሽ ጥድ ነው ያነጠፉት። እግዜር የሚያየው ከላይ ነው ብለው ይሆናል። ግድግዳው ላይ የእምነ በረድ ጽሑፎች ተደርድረዋል፦ ካልካታ ላይ በንዳድ የሞተ፣ ሌጎስ ላይ በወባ የሞተ፣ ገና በጎረምሳነቱ ባሕር የበላው። እነሱ ሙቅ አገር ሄደው ንዳድ ፈጃቸው፤ እኛ ብርድ አገር መጥተን ቁርጥማት ያዘን። ሁሉም የሞቱበት ቀንና ስፍራ ተጽፎላቸዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ያደሱት ሰዎች ቸኩለው እንደነበር ገና ከበሩ አስታወቀኝ። ጡቡ የተገነባው በኖራ ነው፤ እነሱ መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ደፍነውታል። ኖራ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ያፍናል። ውሃ አንዴ ግድግዳው ውስጥ ከገባ መውጫ የለውም። በደቡቡ ግድግዳ ላይ ደግሞ የጣራው አሸንዳ ተሰብሮ ዝናቡ በሙሉ እዚያው ይወርዳል። የእኛ ሴቶች የሚቆሙት በዚያ በኩል ነው።

ከምንጣፉ ሥር

አባ ከጋሽ ደምሴ ጋር ሆነው ጠበቁን። ጋሽ ደምሴ አገር ቤት ሾፌር ነበር፤ እዚህ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አልጋ ይገፋል። ለደብሩ የማይሠራው ሥራ የለም። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ወለሉ የሰመጠበትን ቦታ በወንበር ከልለውታል።

«ላንሣው?» አልኳቸው ወይዘሮ ለተብርሃንን።

«አንሣው፤ ቼክ አድርገው። ከዚያ መልሰህ አስተካክለህ አንጥፈው።»

የምንጣፉን ጫፍ ከግድግዳው ላይ ነቅዬ ስገልጠው የእንጉዳይ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከሥሩ ያለው ሳንቃ ላይ ነጭ ነገር እንደ ባዘቶ ተዘርግቷል። ካቻቢቴዬን ተሸካሚው እንጨት ላይ ጫን ሳደርገው እስከ እጀታው ገባ። ዳቦ እንኳ ትንሽ ይታገላል። ባትሪዬን አብርቼ ወደ መሐል ስሄድ፣ ከምንጣፉ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋ የብረት ወንፊት አገኘሁ። በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ በመግባቱም ከፋኝ።

ወደ ውጭ ወጥቼ የግድግዳውን ግርጌ ዞርኩት። መሬቱ አጠገብ ባሉት ጡቦች ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ሁሉም በጨርቅና በጋዜጣ ተጠቅጥቀዋል።

«እሱን የደፈንኩት እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ፣ ደስ ብሎት። «አንዲት አልቀረችኝም። ነፋሱ በዚያ ነበር የሚገባው።»

ነፋሱን የሕንፃው ባለሙያዎች ሆን ብለው ነበር ያስገቡት። ከወለሉ ሥር ባዶ ቦታ አለ፤ አየር በጡቡ ቀዳዳ ገብቶ እንጨቱን እያደረቀ በብረቱ ወንፊት ይወጣል። ጫማ ያደረገ ሰው ይህ ነፋስ አይሰማውም። እኛ ግን ለእግዚአብሔር ቤት ብለን ጫማ አውልቀን ስለምንቆም በባዶ እግራችን አገኘነው። ጠላት መሰለን። ከላይ በምንጣፍ፣ ከውጭ በጨርቅ ዘጋነው፤ የአሸንዳው ውሃ ገባ፤ መውጫ አጣ። እንጨቱን የገደለው አክብሮታችን ነው። ለዚህ ማንን ትቆጣለህ?

ተመልሼ ስገባ ወይዘሮ ለተብርሃን ከአንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። «ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

«አሸንዳው ነው፤ ተሰብሮ ያፈሳል» አልኩ። ሐሰት አልነበረም።

«እንግዲያው እሱ ተጠግኖ ምንጣፉ ይመለስ።»

አባን አየኋቸው። አባ ነገሩን ከፊቴ አንብበውታል። «ንገራት» አሉኝ ቀስ ብለው። «እሑድ እዚያ ላይ የሚቆመው ሰው ነው።»

ነገርኳቸው። በተቻለኝ መጠን አለሳልሼ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ቀዳዳው፣ ምንጣፉ ሙሉ በሙሉ ካልተነሣ በሽታው ወደ ወንዶቹ በኩልና ወደ መቅደሱ እንደሚሄድ። ዛሬ ተነሥቶ፣ ቀዳዳዎቹ ተከፍተው፣ የሞተው እንጨት ተለይቶ ከታየ፣ ሰርቬየሩ ሰኞ ሲመጣ ጥገና የጀመረ ሰው ያገኛል። ካልሆነ ይዘጋዋል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ስለቴ ነው እኮ» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

ወደ አባ ዞሩ። «የገባ ስለት ይመለሳል እንዴ፣ አባ? ስለቱ ከተመለሰ ዮናስስ?»

አባ «እግዚአብሔር ያየው ልብሽን ነው፤ ምንጣፍ አይቆጥርም» አሉ። ይህን ሲሉ ግን ዓይናቸው መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ሰውን ማጽናናት ሥራቸው ነው፤ ውሸት ግን አያውቁበትም። ጋሽ ደምሴ የገዛ እጁን ያገላብጣል። እኔ ካቻቢቴዬን በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ ቆሻሻ ግን አልነበረበትም። ብርዱ በካልሲዬ አልፎ ወደ አጥንቴ እየገባ ነበር።

«ያቺ ልጅ ስንተኛ ወሯ ነው?» አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን ድንገት።

«እግሯ የገባው?» አለ ጋሽ ደምሴ። «ሰባተኛዋን ሳትጨርስ አትቀርም።»

ተነሡ። ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አኖሩት። ከግድግዳው የነቀልኩትን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ ከብዷቸው ወደ ፊት ተደፉ። «ምን ታያላችሁ?» አሉን። «ያዙልኝ እንጂ።»

ከዕቃ ቤቱ ጀርባ

ደረቁን በቢላ ቆርጠን አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ አሰጣነው። የበሰበሰውን ጠቀለልነው። ውሃ ስለጠጣ ለአራት ሰው ይከብድ ነበር።

«ካውንስሉ ቆሻሻ የሚያነሣበት ስኪፕ የሚሉት የብረት ገንዳ መንገዱ ማዶ አለ» አለ ጋሽ ደምሴ።

«ለቤተ እግዚአብሔር የተሰጠ ነገር ከቆሻሻ ጋር አይጣልም» አሉ አባ። ልክ ናቸው። በእኛ ሥርዓት ያረጀ ንዋየ ቅድሳት ወይ ይቃጠላል ወይ ይቀበራል። እርጥብ ምንጣፍ ብናቃጥል ጢሱ የእሳት አደጋውን ሁሉ ይጠራብናል። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ድሮ ከሰል ይከመርበት የነበረ ጠባብ መሬት አለ፤ እዚያ ይቀበር ተባለ። አባ ግን አመነቱ። «ቅዳሜ ነው» አሉ። «በሰንበት ከቀብር በቀር አፈር አይነካም።» ሰማዩን አዩ፤ ሰኞን አሰቡ መሰለኝ። «ዕዳው በእኔ ይሁን» ብለው ለነገው ቅዳሴ ሊያዘጋጁ ወደ ውስጥ ገቡ። ቅዳሴው በወንዶቹ በኩል ብቻ ሊሆን ነው።

ጋሽ ደምሴና እኔ ተፈራርቀን ቆፈርን። መሬቱ ከላይ ጥቁር፣ ከታች ቢጫ ጭቃ ነው። ጉድጓዱ በጥቅሉ ልክ ረዘም ያለ ጠባብ ሆነ። ወይዘሮ ለተብርሃን ነጠላቸውን አጣፍተው አጠገባችን ቆመው ነበር፤ ግቡ ብንላቸውም አልገቡም። ጥቅሉን አንሥተን በእርጋታ ነው ያወረድነው። ለምን በእርጋታ እንደሆነ አላውቅም፤ ምንጣፍ ነው፣ ቢወድቅ አይጎዳ። አፈሩን መለስን፤ ጋሽ ደምሴ በአካፋው ጀርባ ደለደለው።

ከዚያ ጋሽ ደምሴ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ወደ ወይዘሮ ለተብርሃን ሄዶ ጎንበስ ብሎ፣ «እግዜር ያጽናሽ፣ እኅቴ» አላቸው።

ሳያስበው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቀብር ላይ አፈር መልሶ ሲያበቃ የሚለው ይህንኑ ነው፤ እጁ ያወቀውን ሥራ አፉ ተከተለው። ወዲያው ምን እንዳለ ገባውና ፊቱ አመድ መሰለ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ተጠንቅቆ፣ አንደበቱን ቆልፎ ያለፋት ነገር በአንድ ቅዳሜ ከሰል መጣያ ላይ ወደቀች።

ወይዘሮ ለተብርሃን አፈሩን አዩ። ከዚያ እንደ ሥርዓቱ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሜን» አሉ። «አብሮ ያጽናን።»

መመለስ

የክረምት ቀን እዚህ አገር ሳይጀምር ያልቃል። አውቶቡስ ስንጠብቅ ጨልሞ ነበር። ወይዘሮ ለተብርሃን አላለቀሱም። በባቡሩም ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ የተኙ መስሎኝ ኬንቲሽ ታውን ስንደርስ ልቀሰቅሳቸው ስል ቀድመውኝ ተነሡ። እስከ ቤታቸው በር ሸኘኋቸው።

ቁልፋቸውን አውጥተው በሩን ሳይከፍቱ ቆሙ። «ለአባ አንድ ነገር ትነግርልኛለህ?»

«ምን ልበላቸው?»

«ዮናስን እስካሁን በጸሎት ከሕያዋኑ ጋር ነው የሚጠሩልኝ። ከነገ ጀምሮ ከሌሎቹ ጋር ይጥሩት።»

«እርስዎ ራስዎ ቢነግሯቸው አይሻልም?»

«እኔ ከተናገርኩት ገደልኩት ማለት ነው፣ ልጄ። አንተ ንገርልኝ። ሂድ፣ ብርድ ነው» ብለው ገቡ። ደረጃውን ሲወጡ መብራቱ ከፎቅ ወደ ፎቅ ሲበራ ከውጭ ይታየኝ ነበር።

ሰኞ የሆነውን እዚህ ላይ ተናግሬ ልለፍ። ሰርቬየሩ መጣ፤ የተከፈቱትን ቀዳዳዎች፣ የተነሣውን ምንጣፍ፣ በኖራ ምልክት ያደረግኩባቸውን እንጨቶች አየ። የሴቶቹ በኩል ተከልሎ ጥገናው በእኛ ጉልበት እንዲቀጥል ፈቀደ። ቤተ ክርስቲያኑ ተረፈ። ገናን በባዶ ሳንቃ ላይ፣ እግራችን እየደነዘዘ አከበርን። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሙያዬ ከስንት ዓመት በኋላ ለአንድ ነገር በቃ። ግን ያን የቅዳሜ ማታ ወደ ዌምብሊ ብቻዬን ስመለስ ደስታ አልነበረኝም። ትምህርት ቤት ስለ አሮጌ ሕንፃ ያስተማሩኝ ዕድሜውን፣ ድንጋዩን፣ ውሃውን እንድጠይቅ ነው። ይህን ነገር ማን ሰጠው፣ ስለ ማን ሰጠው ብሎ መጠየቅ ግን ያን ቀን የተማርኩት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አንድ ምስማር ነቅዬ አላውቅም።

የምኖርበት ቤት ኮሪደር ላይ ሳንቲም የሚበላ ስልክ አለ። ኮቴን ሳላወልቅ ቁጥሩን አዞርኩ። በእኛ አገር መርዶ ለእናት ይነገራታል፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ። እናት ራሷ መርዶ ስትልክ አይቼ አላውቅም። ከአንዱ ክፍል የቴሌቪዥን ሳቅ ይሰማል።

«በደኅና ገባችሁ?» አሉ አባ።

«ገብተናል። እትዬ ለተብርሃን መልእክት አላቸው» ብዬ እንዳሉኝ ነገርኳቸው። ቃሉን አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሌላ ሳንቲም ጨመርኩ።

«ተክለ ሚካኤልን?» አሉኝ። የዮናስ የክርስትና ስሙ ነው።

«አዎን» አልኩ።

በስልኩ ውስጥ አባ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ተሰማኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነፍስ ይማር» አሉ።